ጠብታው ከየት ይነሣል?

ገዳሪፍ፣ ምሥራቅ ሱዳን፣ ጥቅምት አጋማሽ። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል፤ ጥቁሩ የዋልካ መሬት ከላይ ደርቆ መሰነጣጠቅ ይዟል። ከተማው ሰሊጥ በጫኑ መኪኖችና ለአጨዳ በመተማ በኩል በተሻገሩ ሰዎች ተጨናንቋል። መካኒኩ ዕድሜያቸው ስድሳን ያለፈ የጎንደር ሰው ናቸው፤ የኢትዮጵያ ስደተኞች ለረጅም ዘመን ከኖሩበት ከተዋዋ ሰፈር ብዙ ሳይርቁ፣ በአንድ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ሞተር ይጠግናሉ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በየመንደሩ እየዞረ ሕፃናት ይከትባል። ክረምቱን ሙሉ በክሊኒኩ መጋዘን የቆመች አሮጌ የጃፓን ሞተር እየገፋ መጥቷል፤ በእጁ ደግሞ በፕላስቲክ የታሸገ አዲስ የቤንዚን መክፈቻ ይዟል።

ሐኪሙ፦ ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ይህቺን ሞተር ይዩልኝማ። ቤንዚን ታፈሳለች። መክፈቻው ነው የተበላሸው፤ አዲስ ገዝቻለሁ። እሱን ብቻ ቢቀይሩልኝ ይበቃኛል፤ ነገ ወደ ዶካ መውጣት አለብኝ።

መካኒኩ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት አደርክ ሐኪሜ? አስጠጋት፤ ጥላው ውስጥ ሳይሆን ነፋሱ ጋ። ከየት ነው የምታፈሰው?

ሐኪሙ፦ ከመክፈቻው ነዋ። ይኸው፣ ከጫፉ ይንጠባጠባል።

መካኒኩ፦ ከጫፉማ ሁሉም ይንጠባጠባል። መክፈቻው ከታንከሩ ሥር ያለ ዝቅተኛው ቦታ ነው፤ ከላይ የወጣ ቤንዚን ሁሉ ገላውን ታክኮ ወርዶ እዚያ ይሰበሰባል። ታንከሩና መክፈቻው ከሚጋጠሙበት ሊሆን ይችላል። ከእጀታው ሥር ሊሆን ይችላል። ከታች ቆሻሻ የሚጠራቀምባት ጽዋ አለች፣ ከእሷ አንገት ሊሆን ይችላል። ወደ ካርቡሬተሩ ከሚወርደው ጎማ ሊሆን ይችላል። አራት በሽታ ናቸው፣ ምልክታቸው አንድ ነው። አንተ ያተኮሰውን ሁሉ ወባ ነው ብለህ መድኃኒት ትሰጣለህ?

ሐኪሙ፦ አልሰጥም። ደሙን አያለሁ።

መካኒኩ፦ እኛም እንደዚያው እናድርግ። ግን ከዚያ በፊት... እኅቴ፣ ምድጃሽን ወደ ማዶ አሻግሪልን፤ እዚህ ቤንዚን ልንከፍት ነው። አዎ፣ ዕጣኑንም። እግዜር ይስጥልኝ።

ሐኪሙ፦ በጣም አላራቋትም? እዚያ ድረስ ምን ይደርሳል?

መካኒኩ፦ ይደርሳል። የሚነደው ፈሳሹ አይደለም፣ እንፋሎቱ ነው። እንፋሎቱ ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል፤ ሽቅብ አይወጣም፣ መሬት ለመሬት እየተሳበ ወደ ዝቅታው ይሄዳል። ምድጃስ የሚቀመጠው የት ነው? መሬት ላይ። ላምባ እሳት ለመያዝ ከ38 ዲግሪ በላይ መሞቅ ይፈልጋል። የቤንዚን እንፋሎት ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ቅዝቃዜ ላይ እንኳ ክብሪት ካገኘ ይያያዛል። ሚያዝያና ግንቦት ላይ ገዳሪፍ 40 ዲግሪን ሲሻገር ምን እንደሚሆን አስበው። በዚህ ሰፈር ቡና ወይ ሻይ የማይፈላበት፣ ቡኹር የማይጨስበት ደጅ የለም። ሞተሩ የሚያፈስበት ሰው ሁሉ የሚያንገበግበው የቤንዚኑ ብር ነው፤ እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌሊቱ ነው። ሌባ ፈርቶ ልጆቹ ከተኙበት ክፍል ያስገባታል። በሩንም መስኮቱንም ይዘጋል።

ሐኪሙ፦ እኛ ጋም የምታድረው መጋዘን ውስጥ ነው፣ የክትባት ፍሪጁ አጠገብ። ፍሪጁ በፀሐይ ኃይል ነው የሚሠራው።

መካኒኩ፦ ተመስገን ነው። የድሮዎቹ በላምባ ነበር የሚሠሩት፤ ከሥራቸው ቀን ከሌት የማይጠፋ ነበልባል ነበራቸው። ቢሆንም ሳትድን እዚያ አታስገባት። በል ይህን ጨርቅ ያዝና መክፈቻውን ከላይ ጀምረህ ዙሪያውን አድርቅልኝ። ከዚያ ጠመኔ እንነሰንስበታለን።

ሐኪሙ፦ ጠመኔ? የትምህርት ቤቱን?

መካኒኩ፦ እሱኑ። ፈጭቼ በመጋጠሚያው፣ በብሎኖቹ፣ በእጀታው ዙሪያ፣ በጎማው አፍ ላይ በብሩሽ አለብሰዋለሁ። ነጩ ዱቄት ቤንዚን ሲነካው ይጠቁራል፤ እርጥበቱ ከየት ተነሥቶ በየት እንደ ወረደ መስመሩን ታያለህ። ዓይን ብቻውን አይደርስበትም፤ ቤንዚን ቀጭን ነው፣ በዚህ ሙቀት ደግሞ ጠብታ ሳይሆን ይተንንና ጥቂት ቡናማ እድፍ ብቻ ይተዋል። አሁን እጀታውን ወደ ዝግ አድርገው። ተዘግቶም የሚያፈስ ከሆነ ጥፋቱ ከእጀታው ወይም ከእሱ በላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ቤንዚኑን የሚያግደው ነገር የለምና። ሲከፈት ብቻ የሚያፈስ ከሆነ ከእጀታው ወዲህ እንፈልጋለን።

ሐኪሙ፦ እስኪረጥብ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የምትንጠባጠብ ነገር ናት፤ ይህን ያህል ታከስራለች?

መካኒኩ፦ አስላት። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ብትወድቅ በቀንና ሌሊት 86,400 ትሆናለች። የቤንዚን ጠብታ ከውሃ ጠብታ ታንሳለች፤ እንዲያም ሆኖ ከአንድ ሊትር በላይ ይሄዳል። እሱ ለአንተ አንድ መንደር ሕፃናት ነው። ደግሞ ይህ የሚታየው ነው። የማይታየው ይከፋል።

ሐኪሙ፦ የማይታየው የትኛው ነው?

መካኒኩ፦ መክፈቻው ውስጡ አርጅቶ ዝግ ላይ ሆኖም የሚያሳልፈው። ቤንዚኑ ሌሊቱን ወደ ካርቡሬተር ይወርዳል። እዚያ ተንሳፋፊው መርፌዋን ገፍቶ ካልያዘው፣ ወይ በትርፍ መውጫው ሜዳ ላይ ይፈሳል፣ ወይ ወደ ሲሊንደር ይገባል። የገባው ፒስተኑን አልፎ ዘይቱ ላይ ይወርዳል። ዘይት በቤንዚን ሲቀጥን ብረት ከብረት ይፋጫል። እስቲ የዘይት መለኪያውን ንቀልና አሽትት።

ሐኪሙ፦ ቤንዚን ቤንዚን አይልም። መጠኑም ከላይኛው መስመር አላለፈም።

መካኒኩ፦ ጥሩ። ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ቢገኝ ኖሮ ካንዴላውን ሳልፈታ ማስነሻውን አልረግጥም ነበር። ፈሳሽ አይታመቅም፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ተኝቶ ሳለ በኃይል ከረገጥከው ዘንጉን ሊያጣምመው ይችላል።

ሐኪሙ፦ ታዲያ አብረውኝ የሚሠሩት መክፈቻውን ዘግተው አያውቁም። ከፍቶ መዝጋቱ ራሱ ጎማውን ይበላዋል ይላሉ።

መካኒኩ፦ ግማሹ እውነት ነው። ከእጀታው ሥር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የጎማ ክብ አለ፤ እጀታው በዞረ ቁጥር ይታሻል። ግን ዓመት ሙሉ ያልተነካ እጀታ ከጎማው ጋር ይጣበቃል፣ የዞረ ቀን ገነጣጥሎት ይነሣል። እኔ የምለው፣ ማታ ማታ ዝጋ፤ መኪና ላይ ጭነህ ስትወስዳትም ዝጋ፣ ምክንያቱም ስትናወጥ ተንሳፋፊው አይይዝም። ቡና ለመጠጣት ስትወርድ ግን መዝጋት አያስፈልግህም።

ሐኪሙ፦ ጋሼ፣ ረጠበ! እጀታው ሥር ደረቅ ነው። የጀመረው ከላይ ነው፤ በቀኝ በኩል።

መካኒኩ፦ ከመጋጠሚያው ነው ወይስ ከብሎኑ?

ሐኪሙ፦ ከብሎኑ ራስ ሥር ነው። በመጋጠሚያው ዙሪያ ያለው ጠመኔ ነጭ እንደሆነ ነው።

መካኒኩ፦ አየህ። አዲሱን መክፈቻ በዚሁ ብሎን ብገጥምልህ ነገ ዶካ ላይ ያው ይንጠባጠብ ነበር። አንተም ሻጩን ትረግም ነበር። በል ታንከሩን እናራግፍ። ጎማውን ከካርቡሬተሩ ንቀልና ጫፉን ጀሪካኑ ውስጥ አስገባ፤ ጀሪካኑ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ በእጅህ አንጠልጥለህ አትያዘው፤ ቤንዚን ሲወርድ በሚፈጥረው ኤሌክትሪክ ብልጭታ ሊነሣ ይችላል። እጀታውን ሪዘርቭ ላይ አድርገው፤ እስከ ታች የሚጠጣው በዚያ ነው።

ሐኪሙ፦ ይህን በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ ቤንዚን በአፋቸው የሚስቡ ብዙ ናቸው። አብረውዎት ለሚሠሩት ልጆች ይንገሩልኝ፣ እባክዎ። ክሊኒክ የሚመጡት የዋጡት መስሏቸው ነው፤ የሚጎዳው ግን ወደ ሳንባ የገባው ነው። ጥቂት ቤንዚን ከገባ ሳንባው ይቆስላል፤ ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ይመጣል። ቤተሰብ ደግሞ ወተት ያጠጣና ጣት ከቶ ያስመልሰዋል። ሲያስመልስ እንደገና ወደ ሳንባው ይወርዳል። ማስመለስ የለበትም፤ ቀጥታ ወደ ሐኪም ቤት ነው መሄድ ያለበት።

መካኒኩ፦ ልጆች፣ ሰማችሁ? ከዛሬ ወዲያ በዚህ ጥላ ሥር ጎማ ወደ አፉ የሚያስጠጋ እንዳላይ። ሁለተኛ እንድታስደግሙኝም አልፈልግም። ሐኪሜ፣ ቀስ እያልክ መጨረሻውን በዚህ የብርጭቆ ማሰሮ ቅዳልኝ፤ አንድ ነገር እንይ።

ሐኪሙ፦ ከሥሩ ሌላ ነገር ተኝቷል። እንደ ውሃ።

መካኒኩ፦ ውሃ ነው። ቤንዚን ከውሃ ይቀላል፣ አንዱ ሊትር ሦስት ሩብ ኪሎ ቢሞላ ነው፤ ውሃው ወደ ታች ዘቅጦ ልክ መክፈቻው ካለበት ይተኛል። ቡናማው ዱቄት የታንከሩ ዝገት ነው። ከየት መጣ ብትል፣ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ክረምቱ ነው፤ ግማሽ ሆኖ የቆመ ታንከር ቀን በሙቀት ያስተነፍሳል፣ ሌሊት እርጥብ አየር ይስባል፣ አየሩ ከቆርቆሮው ላይ ጠል ሆኖ ይወርዳል። ሁለተኛው ጀሪካኑ ነው። የሱዳኑ ጦርነት ከተነሣ፣ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ወዲህ፣ ቤንዚን በየመንገዱ ዳር በጀሪካንና በጠርሙስ ይሸጣል። ከካርቱም በስተ ሰሜን ያለው የጀይሊ ማጣሪያ በቀን ወደ 100 ሺህ በርሜል የማጣራት አቅም ነበረው፤ ጦርነቱ እላዩ ላይ ወደቀበትና ተቃጠለ። የሱዳን ሠራዊት መልሶ የያዘው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው፤ ይህ ግን ቤንዚን ማጣራት ጀመረ ማለት አይደለም። ከፖርት ሱዳን እስከ እዚህ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ነው፤ ከቦቴ ወደ በርሜል፣ ከበርሜል ወደ ጀሪካን ሲገለበጥ ዝናብም አፈርም ያገኘዋል።

ሐኪሙ፦ አባቴ ሲያወራ፣ ድሮ የሱዳን ቤንዚን በመተማ አልፎ እስከ ጎንደር ይሄድ ነበር ይላል።

መካኒኩ፦ ይሄድ ነበር። ከዚህ እስከ ገላባት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቦቴዎቹ ተሰልፈው ሲሻገሩ አይቻለሁ። አሁን ቤንዚኑ ወዴት እንደሚሻገር እንደ ጊዜው ነው፤ እሱን ተወው። ቁልፍ አስር አቀብለኝ። ሁለቱን ብሎን ፈታን፣ መክፈቻው ወረደ። እነሆ! ሮንዴላውን ተመልከት።

ሐኪሙ፦ ብረት ነው። ምን ችግር አለው?

መካኒኩ፦ ችግሩ ብረት መሆኑ ነው። በዚህ ዓይነት ታንከር የብሎኑ ቀዳዳ እስከ ቤንዚኑ ድረስ ይዘልቃል፤ ቤንዚኑ የብሎኑን ጥርስ ተከትሎ ይወርዳል። ስለዚህ ፋብሪካው ከብሎኑ ራስ ሥር ለስላሳ ሮንዴላ ያደርግበታል፤ ናይለን ወይ ፋይበር። ሲጠብቅ ይለጠጥና ቀዳዳውን ይደፍናል። ብረት በብረት ላይ አይደፍንም። አንድ ሰው ከዚህ በፊት ፈትቶ ያቺን ለስላሳ ሮንዴላ ጥሏታል፤ ትንሽ ናት፣ ጥቅሟም አይገባም። ከዚያ ወዲህ ማንም ያያት የሚለውጠው በመጋጠሚያው ያለውን ትልቁን ጎሚኒ ነው።

ሐኪሙ፦ ጎሚኒውስ ደህና ነው?

መካኒኩ፦ አይደለም፤ ይኸው። ከካላማዳሪ ተቆርጦ የተሠራ ነው። ያበጠውንና የላላውን ዳሰው። ዛሬ አላፈሰም፤ ከወር በኋላ ግን ያፈስ ነበር። ይህን ነገር በየጋራዡ ስጮህበት ኖሬያለሁ። የመኪና ካላማዳሪ አየር እንዲይዝ የተሠራ ጎማ ነው፤ ቤንዚን ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ይበጣጠሳል። ቤንዚን የሚችለው ናይትራይል የሚባለው ጎማ ነው፤ ከእሱ የሚበልጠው ቫይተን ነው፣ እሱ ግን ይወደዳል። ሁሉም ጥቁር ስለሆነ በዓይን አይለይም። ስለዚህ እኔ ፈትኜ ነው የምገዛው፤ ከአንድ ዓይነት ሁለት አመጣና አንዱን በክዳን ባለው ማሰሮ ቤንዚን ውስጥ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ከደረቁ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ። ያበጠው ለቤንዚን አይሆንም፤ ለውሃ ቧንቧ ይሁን።

ሐኪሙ፦ ሲሊኮንስ? ብዙ ሰው እሱን ቀብቶ ይገጥማል።

መካኒኩ፦ ተራ ሲሊኮን ቤንዚን ውስጥ ይለሰልስና እየተቀረፈ ይሄዳል። ቅርፊቱ ካርቡሬተር ገብቶ ቀጭኗን ቀዳዳ ይዘጋል። ያን ጊዜ ሁለት በሽታ ይሆንልሃል። ለመንገድ የሚሆን ነገር ከፈለግህ ደረቅ ሳሙና ነው። በጣት አሽተህ ቀዳዳው ላይ ትጭነዋለህ፤ ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም። ከዶካ ገዳሪፍ ያደርስሃል። ዝናብ ካገኘው ግን ይታጠባል፤ አድራሽ ብቻ ነው።

ሐኪሙ፦ አዲስ አበባ የሚኖር ወንድሜ ደግሞ ጎማ የጨረሰው ኤታኖሉ ነው ይላል።

መካኒኩ፦ እሱም ምክንያት አለው። በ2001 ዓ.ም. ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚወጣውን ኤታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ መቀላቀል ጀመሩ፣ በኋላ 10 በመቶ አደረሱት። ኤታኖል ውሃ ይስባል፤ ከዚያ በፊት በተሠሩ ሞተሮች ላይ ያለውን አሮጌ ጎማና ቡሽ ይጎዳል። የአንተዋን የጎዳት ግን መቆሟ ነው። ለመሆኑ ስንት ጊዜ ቆመች?

ሐኪሙ፦ ከሰኔ ማብቂያ ጀምሮ። መንገድ አልነበረም፤ መንደሮቹ የምንደርሰው በትራክተር ነበር።

መካኒኩ፦ በዚህ አገር የሞተር ዕድሜ የሚቆጠረው በሄደችበት ሳይሆን በቆመችበት ነው። ኡም ራኩባን ታውቀዋለህ፤ በ1977ቱ ረሃብም፣ እንደገና በ2013 ኅዳር ከትግራይ ሰው ሲሰደድም ወገኖቻችንን የተቀበለ ሰፈር ነው። ክረምት ሲገባ መንገዱ በጭቃ ይያዛል፤ ይህ ዋልካ ሲረጥብ ጎማውንና ጭቃ መከላከያውን አንድ አድርጎ ይጠርቀዋል። እንደ ያማሃ ኤጂ ያሉት፣ ለእርሻ መሬት ተብለው የተሠሩት እንኳ አይወጡትም። ሞተር ይቆማል። ሲቆም የቤንዚኑ ቀላል ቀላሉ ይተንናል፤ የቀረው እንደ ሙጫ ይሆንና በመክፈቻው ወንፊት ላይ ይጋገራል። ቤንዚን ከታች ሲጎድል ረጥቦ የኖረው ጎማ ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል። ጥቅምት ላይ ትሞላዋለህ፣ ያፈሳል። በየዓመቱ በዚህ ወር ደጄ የሚሰለፈው ይህ ነው።

ሐኪሙ፦ እንግዲያውስ መጻሕፍቱ እንደሚሉት ሞልቶ ማቆም ይሻላል ማለት ነው። ታንከሩ ሙሉ ከሆነ አየር የለም፣ አይዝግም፤ ጎማውም አይደርቅም።

መካኒኩ፦ ለቀዝቃዛ አገርና ለብቻው ለቆመ ጋራዥ ይሆናል። እዚህ ግን መድኃኒት በሚቀመጥበት ቤት አሥር ሊትር ቤንዚን አራት ወር አስቀምጥ አልልህም። ደግሞም ሙቀቱ አለ፤ አሥር ሊትር ቤንዚን ከ20 ወደ 40 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 200 ሚሊ ሊትር ይጨምራል። እስከ አፉ ከሞላኸው መሄጃ የለውም፣ የክዳኑ መተንፈሻ በአቧራ ከተደፈነማ በጎሚኒው በኩል ይወጣል።

ሐኪሙ፦ ባዶ ብተወው ግን ጎማው ደረቀ ያሉት እርስዎ ነዎት።

መካኒኩ፦ ልክ ነህ፣ እሱን አልሸሸውም። ሁለቱም ጉዳት አለው፤ እኔ የምመርጠው በ5 ጣቴ የምለውጠውን ጉዳት ነው። ጎሚኒ ርካሽ ነው፣ ታንከር ግን አይገኝም። ስለዚህ ሰኔ ላይ ታንከሩን እስከ መጨረሻው አራግፍ፤ ካርቡሬተሩንም ከሥሩ ባለችው ብሎን አፍስስ። አንድ ብርጭቆ የሞተር ዘይት ጨምረህ ታንከሩን እያገላበጥክ ውስጡን አልብሰው። ትርፉን ገልብጥ። ጎሚኒዎቹ ላይ ዘይት አስነካቸው። ጥቅምት ላይ በትንሽ ቤንዚን አለቅልቀህ ትሞላለህ።

ሐኪሙ፦ በዚህ እስማማለሁ። አሁን የእጀታውን ክፍል እንክፈተው?

መካኒኩ፦ እንክፈት፤ ወርዶ እያለ ሳናየው አንመልሰውም። አይ፣ ያን ካቻቢቴ አስቀምጥ። ይህችን ነጥብ በብሎኑ ራስ ላይ ታያታለህ? የጃፓን መስቀል ናት። ከሌላው መስቀል ጋር ትመሳሰላለች፤ ግን የተለመደው ካቻቢቴ ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ ሥሩ ድረስ አይገባላትም፤ ይዘልና ራሷን ይበላዋል። ይህ በጫፉ ትንሽ የተሞረደ ነው። ገፍተህ ያዝና አዙር። ወጣ። ክዳኑ፣ ቀጥሎ ሞገድ ያላት ስፕሪንግ፣ እጀታው፣ የጎማው ክብ። ቅደም ተከተላቸውን አትርሳ።

ሐኪሙ፦ ጎማው ላይ እጀታው የፈጨው ክብ ምልክት አለ።

መካኒኩ፦ ለጊዜው ገልብጠን ያልተነካውን ፊት ብንጠቀም ወራት ይሠራ ነበር። ግን አንተ አዲስ መክፈቻ ይዘሃል። እስቲ ክፈተው፤ ክቡን እናመሳክር። ልኩ አንድ ነው። ቀዳዳዎቹም ይገጥማሉ። ከዚያ ፓኬት ውስጥ የወደቁትን ሁለት ትንንሽ ሮንዴላዎች አንሣ! ፋይበር ናቸው። የምንፈልጋቸው እነሱን ነው።

ሐኪሙ፦ ታዲያ አዲሱን እንዳለ ለምን አንገጥመውም? ተከፍሎበታል እኮ።

መካኒኩ፦ ከአሮጌው ጎን አስቀምጠውና እይ። ወደ ታንከሩ ሽቅብ የሚቆመው ቱቦ በአንድ ጣት ውፍረት ያጥራል። ዋናው ቤንዚን የሚገባው በዚያ ቱቦ ጫፍ ነው፤ ሪዘርቩ የሚገባው ከሥር ነው። ቱቦው ባጠረ መጠን ሪዘርቭህ ያንሳል። ሞተሯ ተንተባትባ ወደ ሪዘርቭ ስታዞራት እስካሁን የምታደርስህ ቦታ ድረስ አታደርስህም። ያውም በዶካ መንገድ። ወንፊቱም ሰፊ ቀዳዳ ነው፤ ይህ ዝገት ሁሉ ያልፍበታል። የአሮጌው አካል አልተበላም። እንፈትነው፤ ያን የመስኮት መስታወት አምጣ። የብርጭቆ ወረቀቱን ቁጥር 400 አንጥፍበትና ፊቱን በቀስታ በስምንት ቅርጽ አሸው። ሁሉም ቦታ እኩል አበራ?

ሐኪሙ፦ ከአንድ ጥግ በስተቀር። አሁን እሱም እኩል ሆነ።

መካኒኩ፦ ቁጥር 600ን አስከትልበት፣ ከዚያ ይበቃል። በናፍጣ እጠበው፣ በቤንዚን አትጠብ። የእኔን የተፈተነ ጎሚኒ ይኸው፤ በሞተር ዘይት አስነካው። ግሪስ አይሆንም፣ ቤንዚን አጥቦ ይወስደዋል። የአዲሱን የጎማ ክብ በአሮጌው አካል ውስጥ፣ ፋይበሮቹን ከብሎኖቹ ሥር። ሁለቱንም በጣትህ አስጀምር፣ ከዚያ ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት አጥብቅ። በእጅ አንጓ ብቻ። ታንከሩ ላይ ያለው ጥርስ ቀጭን ነው፤ ከተበላ መመለሻው በጣም ከባድ ነው። የሚያፈሰውን በጉልበት ማቆም የሚፈልግ ሰው ነው የሚበላው።

ሐኪሙ፦ ጎማውና ፋሸታው?

መካኒኩ፦ ጎማው ጫፉ ጠንክሯል፤ ከጫፉ አንድ ጣት ቁረጥና ለስላሳው ይግባ። ፋሸታው ያው ይሁን። ታንከሩንም ሳንሞላ በጥቂት ቤንዚን ሁለት ሦስት ጊዜ አለቅልቀን ዝገቱን እናውጣ። አዎ፣ በዚያ ጨርቅ አጥልለው። አሁን ግማሽ ሊትር ብቻ ጨምር። ጠመኔውን እንደገና አልብሰው። እጀታውን ዝግ አድርገህ የጎማውን ጫፍ በደረቅ ጠርሙስ ውስጥ አኑረው፤ አንድ ሰዓት እንጠብቃለን። ጠርሙሱ ደረቅ ከሆነ ውስጡ ይዘጋል ማለት ነው። ጠመኔው ነጭ ከሆነ ውጩም ይዘጋል ማለት ነው። ከዚያ ከዋናው ቱቦ ጫፍ በላይ እንዲደርስ ቤንዚን ጨምረን ክፍት ላይ፣ ከዚያ ሪዘርቭ ላይ፤ ሳይቆራረጥ እንደሚወርድ አይተን ነው ካርቡሬተሩ ላይ የምንሰካው።

ሐኪሙ፦ አንድ ሰዓት አለኝ። ጋሼ፣ ክሊኒኩ ውስጥ ሌላ አንዲት አለች፤ ከዚህች ትንሽ አዲስ ናት። እጀታዋ ላይ ዝግ የሚል የለም፤ ክፍት፣ ሪዘርቭና ሌላ አንድ ምልክት ነው ያላት። እሷም ታፈሳለች።

መካኒኩ፦ እሷ በሞተሩ ትንፋሽ የምትከፈተው ናት። ከመክፈቻው ወደ ሞተሩ ሁለተኛ ቀጭን ጎማ የሚሄድላት። ሞተሩ ሲሠራ በዚያች ጎማ ይስባል፣ ውስጥ ያለች ስስ ሽፋን ተነሥታ ቤንዚኑን ታሳልፋለች፤ ሲጠፋ ስፕሪንግ ይመልሳታል። ሽፋኗ ከተቀደደች ቤንዚኑ በዚያችው ቀጭን ጎማ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል። ቀጭኗን ጎማ ንቀልና ውስጧን እያት፤ ቤንዚን ካለባት አታስነሣት። ሦስተኛው ምልክት ያለ ትንፋሽ የሚያሳልፍ ነው፤ ማንም እዚያ ላይ እንዳይተዋት።

ሐኪሙ፦ አምጥቼ ላሳይዎት?

መካኒኩ፦ አምጣት፣ ግን ቤንዚኗን እዚያው አራግፈህ፣ ከሰሊጥ ጋር ሳይሆን ለብቻዋ አስጭነህ። ዘይቱንም አሽትተህ ና።